የኮሪደሩ አስተርጓሚ

ኢስታንቡል በሚገኘው ሆስፒታላችን መግቢያ ግድግዳ ላይ የፕሮፌሰር ዊዚንገር ስም በእብነ በረድ ተቀርጿል። ከጀርመን አገር መጥቶ የሳንባ ሕክምና አስተማረን፣ ይህን ያህል ሐኪም አወጣ፣ ይህን ያህል ነፍስ አዳነ ይላል። እውነት ነው፣ አልዋሸም። ደግ ሰው ነበር ይላል ደግሞ። እዚህ ላይ እኔ ነዚሄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የበሽተኛ አልጋ ስገፋ የኖርኩት፣ የምለው አለኝ። ደግነቱን የሠራው ሙኒፍ ኤፈንዲ፣ አቶ ሙኒፍ፣ የሚባል የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። የእሱ ስም እንኳን በእብነ በረድ በጠመኔም የትም አልተጻፈም።

ሙኒፍ የኡስኩዳር ልጅ ነው። አባቱ ጀልባ ላይ ትኬት ይቆርጡ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት የድሃ ልጆች እየሰበሰበ ሙያ ተማሩ ብሎ ወደ ጀርመን ሲልክ፣ እሱም በአሥራ ስድስት ዓመቱ የብረት ሥራ ሊማር ሄደ። ማሽኑ ሁለት ጣቱን በላበትና ጀርመንኛውን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ሃይዳርፓሻ ባቡር ጣቢያ ከጀርመን ለሚመጡ ደብዳቤዎች መልስ የሚጽፍ ጸሐፊ ሆነ። ጠባዩን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ደረጃ ላይ ድመት ብትተኛበት "ይቅርታ እመቤት" ብሎ በዳር የሚያልፍ ሰው ነው። ማንንም አንተ ብሎ አያውቅም። እኔን አልጋ ገፊዋን እንኳ እርስዎ ነው የሚለኝ። መጀመሪያ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር።

ፕሮፌሰሩ የመጣው የቱርክ ሪፐብሊክ አሥረኛ ዓመቱን ባከበረበት መኸር ነው። እነዚያ በርሊን ላይ ሥልጣን የያዙት ሰዎች "አያትህ አይሁዳዊት ናት" ብለው ከወንበሩ አባረውት፣ መንግሥታችን ና እዚህ አስተምር አለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ ሎሚ የመጠጠ ሰው ፊት። እጁ ግን ወላሂ ወርቅ ነው። ጆሮውን ደረትህ ላይ ጣል ካደረገ የሦስት ዓመት ሕመምህን ይነግርሃል።

መጀመሪያ የተሰጠው አስተርጓሚ ወጣት ሐኪም ነበር። ልጁ የሰማውን እንደሰማ ያስተላልፋል። በሦስተኛው ቀን አንዲት የፓሻ ባለቤት የነበሩ ወይዘሮ ተኝተው ሳሉ፣ ፕሮፌሰሩ "የዚህች ሴትዮ በሽታ መብላት ነው፣ አልጋውን ለበሽተኛ ትልቀቅ" አለ። ልጁ ቃል በቃል ነገራቸው። ወይዘሮዋ ጫማቸውን አውልቀው የመቱት ፕሮፌሰሩን ሳይሆን ልጁን ነው። በነጋታው መልቀቂያ አስገባ። ሌላ ሐኪም እሺ የሚል ሲጠፋ ሙኒፍን ከባቡር መሥሪያ ቤት ለአንድ ሳምንት ተዋሱት። አራት ዓመት ቆየ።

የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት አልረሳውም። በሽተኛ ገፍቼ የማስገባው እኔ ስለነበርኩ ከኋላ ቆሜያለሁ። ፕሮፌሰሩ ገባ። እንደምን አደራችሁ የለ፣ ምን የለ። ኮቱን ሰቀለ፣ ተማሪዎቹን ከላይ እስከ ታች አየና በጀርመንኛ ቆረጥ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ። በኋላ እንደተነገረኝ ያለው "ከመካከላችሁ ግማሹ ሰው ይገድላል። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ዛሬውኑ ማወቅ እፈልጋለሁ" ነው።

ሙኒፍ ጉሮሮውን ጠረገ። እህ፣ እህ።

"ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ" አለ። "እናንተን በማየቴ ልቤ በደስታ ተሞላ። የሰው ነፍስ አደራ ነውና አብረን እንጠንቀቅ።"

ሁለት መቶ ተማሪ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ፕሮፌሰሩ ደነገጠ፤ ተሰድቦ የሚያጨበጭብ ተማሪ አይቶ አያውቅማ።

"እኔ የተናገርኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው" አለው ለሙኒፍ። "ያን ሁሉ ከየት አመጣኸው?"

"ቱርክኛ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ሄር ፕሮፌሰር።"

እንዲህ ተጀመረ። አንዲት የዓሣ አጥማጅ ሚስት ደም እየተፋች ስትመጣ ፕሮፌሰሩ "ሬሳ እስክትሆን ምን ስትጠብቅ ነበር?" ይላል፤ ሙኒፍ "እንኳን መጡ እህቴ። ትንሽ ዘግይተዋል እንጂ እኛ አለንልዎት፣ አላህ ያሽርዎት" ይላል። ሴትዮዋ የፕሮፌሰሩን እጅ ይዛ ሆጃዬ፣ መምህሬ እያለች ትመርቃለች። አንድ ነገር ግን ይታወቅልኝ፤ መድኃኒቱን አይነካም። ግራሙ ግራም ነው፣ ትንባሆ አቁም ከተባለ አቁም ነው። ሰውየውን ብቻ ነው የሚያሻሽለው።

ስለ ሞትስ? በእኛ ዘንድ ሞት ለሚሞተው ሰው አይነገርም። ለዘመዱ ነው የሚነገረው፤ ለዚያውም ለታላቁ፣ ለዚያውም ቁጭ ካለ በኋላ። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ለበሽተኛው ፊት ለፊት ካልነገርኩ ሐኪም አይደለሁም ባይ ነው። አልጋው አጠገብ ቆሞ "ሳንባው አልቋል፤ ሦስት ሳምንት" ይላል። ሙኒፍ "ሳንባዎ ትንሽ ደክሞታል ወንድሜ፣ ዕረፍት ይሻል፤ ሁሉም በጊዜው ይሆናል" ይላል። ትምህርቱ ሲያልቅ ቀስ ብሎ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። ከዘመዶቹ ታላቁን ይፈልጋል፣ እንጨት አግዳሚው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ውሃ ያስመጣለታል፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ ይነግረዋል። ስንት ቀን እንደቀረ፣ ማን መጠራት እንዳለበት፣ ሁሉንም። ሳይሰማ የቀረ አንድም ዘመድ የለም። እኔ ምስክር ነኝ፤ ውሃውን የማመጣው እኔ ነበርኩ።

ፕሮፌሰሩ ኮሪደር ላይ አይቆምም። ከአልጋ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ነው። የሚያየው የሚመጣለትን ስጦታ ብቻ ነው። እርጎ በገንቦ፣ ብርቱካን በቅርጫት፣ አንድ ቀን ደግሞ በሕይወት ያለች ዝይ። ዝይዋ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሁለት ቀን ቆየች፤ የሚያርዳት ጠፍቶ።

"ይገርማል" አለው ለሙኒፍ። "በአገሬ እውነቱን ስነግራቸው ይከሱኝ ነበር። እነዚህ ዝይ ያመጡልኛል። እውነትን የሚወድ ሕዝብ ነው።"

"በጣም እንወዳለን፣ ሄር ፕሮፌሰር" አለ ሙኒፍ።

መዘዙ የመጣው ከውሉ ነው። በአራተኛው ዓመት ፕሮፌሰሩ ያለ አስተርጓሚ በቱርክኛ ማስተማር አለበት ይላል። ከአንካራ ሦስት ሰዎች መጥተው ይፈትኑታል። አስተርጓሚው አንዲት ቃል ከተነፈሰ ፈተናው ወደቀ፤ ከወደቀ ውሉ ተቀደደ። ውሉ ከተቀደደ ወዴት ይሄዳል? ፓስፖርቱን አገሩ ሰርዞበታል። ሚስቱ ሻንጣ ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይር እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ።

ቱርክኛ እንዲያስተምረው መምህር ተልኮለት ነበር። መምህሩ አምስት ደቂቃ ቢያረፍድ በሁለተኛው ቀን አባረረው። ከዚያ በኋላ ተምሮ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሙኒፍ ሲጠይቀው "አንተን አይመለከትህም" ይለዋል።

ፈተናው ማክሰኞ ሊሆን፣ እሑድ ዕለት ሙኒፍን ደረጃው ላይ አገኘሁት። ቢጫ ሆኗል።

"ነዚሄ ሃኑም፣ ሰውየው በገዛ አፉ ሊናገር ነው" አለኝ።

"ይናገራ! አፍ አለው።"

"አልገባዎትም። አራት ዓመት የደበቅኩት ሰው ማክሰኞ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ሊወጣ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተማሪውን ይሰድባል፣ በሽተኛውን ያስለቅሳል። ያባርሩታል። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ራሱ አያውቅም።"

"አንተስ? ቢያልፍም ቢወድቅም አንተ መባረርህ አይደል እንዴ?"

"አዎ። ስለዚህ በእኔ በኩል ጉዳዩ ያለቀ ነው።"

የሙኒፍ ሚስት በድሪዬም አላዘነችለትም። "ጎበዝ ነህ" አለችው አሉ፣ "ለሁሉ ስትተረጉም ለራስህ አንድ ቃል ሳትናገር ጊዜህ አለቀ።"

ማክሰኞ አዳራሹ ጢም አለ። ሦስቱ የአንካራ ሰዎች ከፊት ተደረደሩ። መካከለኛው ወፍራሙ፣ እርሳሱን እንደ ዱላ ይዞ "አስተርጓሚው እዚህ ይቀመጥ፣ አፉንም ይዝጋ" አለ። ሙኒፍ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ ዱርሱንን አልጋው ላይ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ዱርሱን ከሩቅ አገር ከሲቫስ የመጣ ሰው ነው፤ ገላታ ወደብ ላይ ሸክም ሲሸከም ኖሮ ደረቱ ያለቀ። ኢስታንቡል ውስጥ ዘመድ የሚለው የለውም።

ፕሮፌሰሩ ገባ። ኮቱን ሰቀለ። ተማሪዎቹን አየ። ሙኒፍ ዓይኑን ጨፈነ።

እህ፣ እህ፤ ጉሮሮውን ጠረገ ፕሮፌሰሩ።

"ልጆቼ" አለ በቱርክኛ፣ "ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ከዚህ በላይ አላስቸግራችሁም፣ ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ፣ አሁን በእናንተ ፈቃድ ወደ ሳንባ እንግባ።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ድምፁ የጀርመን ነው፣ ቃሉ ግን የኡስኩዳሩ የጀልባ ትኬት ቆራጭ ልጅ የሙኒፍ ነው። አነጋገሩ፣ ማጎንበሱ፣ ጉሮሮ መጥረጉ ሳይቀር! ለካስ ሰውየው አራት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ትምህርት ደብተር ላይ ሲጽፍ ኖሯል፤ በግራ በኩል እሱ ያለውን ጀርመንኛ፣ በቀኝ በኩል ሙኒፍ ሲል የሰማውን ቱርክኛ። ከማን ይማር? ጀርመንኛውን በቱርክኛ የሚሉት እንዲህ ነው ብሎ አምኗል። ሲሳደብ ነው የመሰለው።

ወፍራሙ ሰውዬ እርሳሱን አስቀመጠ። "ማሻ አላህ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!" አለ ለጎረቤቱ። ሙኒፍ ዓይኑን ገለጠ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ዱርሱንን አስገባሁ። ፕሮፌሰሩ ደረቱን አዳመጠ፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገ፣ ቀና አለ። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ሳምንት የሚል ፊት ነው።

"ሳንባዎ ትንሽ ደክሞታል ወንድሜ" አለ ጥርት አድርጎ። "ዕረፍት ይሻል። አላህ ያሽርዎት።"

ዱርሱን ፊቱ በራ። "አላህ ይስጥልኝ ሆጃዬ። ልጄ ዶንዱ ልምጣ ልምጣ ትላለች፣ በረዶ ነው፣ የምታጠባት ሕፃን ይዛለች። በፀደይ ትምጣ ልበላት?"

ፕሮፌሰሩ ግማሹ ገባው፣ ግማሹ አልገባው። ደብተሩን በልቡ ገለጠና፣ በጀርመንኛ "አሁን ምንም አይረዳም" በሚልበት ቦታ ሙኒፍ የሚለውን አወጣ።

"አይቸኩሉ" አለ። "ሁሉም በጊዜው ይሆናል።"

"አልሐምዱሊላህ! እንግዲያስ በፀደይ ትምጣ።"

ሙኒፍ ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። አፉ ተከፍቷል። ወፍራሙ ሰውዬ ዞር ብሎ አየው፣ እርሳሱን አነሳ። ፕሮፌሰሩ በእርካታ ፈገግ እንዳለ ነው። ሙኒፍ ፕሮፌሰሩን አየ፣ ዱርሱንን አየ፣ መልሶ ቁጭ አለ። ጉልበቱን የያዙት ስምንት ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። እኔም አልጋውን ገፍቼ ወጣሁ፤ ምን ላድርግ?

ጭብጨባው እስከ ክፍላችን ድረስ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ሙኒፍ እየሮጠ መጣ። ሲሮጥ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

"ዘመዱ የታለ?" አለኝ።

"ሲቫስ ነው ያሉት።"

"አጎት? የአገር ሰው? ማንም?"

"ማንም። ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ ሙኒፍ ኤፈንዲ።"

ባዶውን አግዳሚ አየው። ከዚያ ገባና ዱርሱን አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ዱርሱን ወንድሜ፣ ልጅህን አሁን ጥራት" አለው። ማንንም አንተ የማይለው ሰው አንተ አለው።

"ሆጃው እኮ አይቸኩሉ አለኝ።"

"ያ የእኔ ቃል ነው፤ ከእኔ ተምሮት ነው። በጀርመንኛው ሌላ ነው።"

"በጀርመንኛው ስንት ነው?"

"ሁለት ሳምንት።"

ዱርሱን ጣሪያውን አየ።

"አጭር ነው ጀርመንኛው" አለ በመጨረሻ። ቀጥሎ፣ "ሆጃው ምን እንዳለኝ ያውቃል?"

"አያውቅም። ሞትህን የነገረህ ነው የመሰለው።"

"እንግዲያ አትንገረው። ዛሬ ደስ ብሎታል፣ ልጅ መስሎ ነበር።"

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ምን አሳፍሮኝ! ሙኒፍ አላለቀሰም። ወረቀት አወጣና የልጅቷን መንደር ስም ጻፈ። በዚያው ቀን የሃይዳርፓሻ ባልደረቦቹ በባቡሩ ቴሌግራፍ ለሲቫስ አስተላለፉለት።

ከዚያ፣ ዱርሱን አትንገረው ቢለውም፣ ነገ ሌላ በሽተኛ አይታለል ብሎ ወደ ፕሮፌሰሩ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ሻይ ይዤ ተከተልኩት፤ ሻይ ማንም አላዘዘም። ፕሮፌሰሩ በአበባ ተከቦ ተቀምጧል።

"ሙኒፍ ኤፈንዲ!" አለ በቱርክኛ። "ቱርክኛዬ እንዴት ነበር?"

"እንከን አይወጣለትም ሆጃ። ግን የእርስዎ አይደለም።"

ከዚያ በኋላ በጀርመንኛ ነው የተነጋገሩት፤ የነገረኝ ሙኒፍ ራሱ ነው። ሁሉንም ነገረው፤ ከመጀመሪያው ጭብጨባ ጀምሮ እስከ ዱርሱን፤ ለዱርሱን ቀድሞ መንገሩን ብቻ አስቀረ። ፕሮፌሰሩ ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣ።

"የትኞቹ ናቸው ያንተ?"

"ሁሉም።"

"ሞት የሚለውስ የት ገጽ ላይ ነው?" ገጽ አገላበጠ፣ ደግሞ አገላበጠ። አራት ዓመት የሳንባ ክፍል ውስጥ ኖሮ ሞት በቱርክኛ ምን እንደሚባል አያውቅም ነበር።

"እዚያ ውስጥ የለም ሆጃ። ኮሪደሩ ላይ ነው የሚነገረው። እርስዎ ኮሪደር ቆመው አያውቁም።"

"ያ ሁሉ እርጎስ? ዝይዋስ? ለማን ነበር?"

ሙኒፍ ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ያን ጊዜ ፕሮፌሰሩ ጮኸ፤ የአበባ ማስቀመጫው እስኪነቃነቅ ጮኸ። ምን እንዳለ ሙኒፍ እስከ ዛሬ አልተረጎመልኝም። ሲደክመው ቁጭ አለና እርሳሱን ለሙኒፍ ሰጠው። "ጻፈው" አለ። "እንዴት ነው የሚባለው? እንደ እኔ እንጂ እንደ አንተ አታድርገው።" ሙኒፍ ጻፈ። ፕሮፌሰሩ ሦስት ጊዜ ለራሱ አነበነበና ተነሳ።

ዱርሱን አልጋ ፊት ደርሶ ቆመ። እኔና ሙኒፍ በሩ ላይ ነን።

"ዱርሱን" አለ። "ትሞታለህ። ሁለት ሳምንት። ልጅህን ጥራት።" እህ የለ፣ ምርቃት የለ።

ዱርሱን ወደ እኛ አየ። አንዴ ብቻ ነው ያየን። ከዚያ ያን ያልሰማ ሰው ፊት አምጥቶ ለበሰው፤ አፉን ከፈተ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ጨዋነት አላየሁም።

"ስለነገሩኝ አላህ ይስጥዎት ሆጃዬ" አለ። "ቆመው ደከመዎት፣ እዚህ ይቀመጡ።" እግሩን ሰብሰብ አደረገለት። ፕሮፌሰሩ የበሽተኛ አልጋ ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ ተቀመጠ።

ማለፉን የሚገልጽ ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ከአንካራ መጣ። ለሙኒፍም ሁለት መስመር ምስጋና ተጻፈለትና ወደ ባቡር መሥሪያ ቤቱ ተመለሰ። ዶንዱ በዘጠነኛው ቀን ሕፃኗን አዝላ ሃይዳርፓሻ ስትወርድ የተቀበላት እሱ ነው፤ በጀልባ አሻግሮ እስከ አልጋው ድረስ አመጣት። አባቷ ገና ይናገር ነበር። ፕሮፌሰሩም በሰዓቱ እዚያው ነበር፣ የዱርሱንን ክንድ ይዞ።

"ልጄ፣ የኚህን ሰው እጅ ሳሚ" አላት ዱርሱን። "እውነቱን ደፍሮ የነገረኝ ሰው እሳቸው ናቸው። እሳቸው ባይነግሩኝ አላይሽም ነበር።"

ዶንዱ ጎንበስ ብላ የፕሮፌሰሩን እጅ ሳመች። ፕሮፌሰሩ አንገቱን አዙሮ ሙኒፍን አየ፤ ቃሉ የእሱ ነው ሊል መሰለኝ፣ አፉን ከፈተ። ሙኒፍ የልጅቷን ጓዝ በሁለት እጁ እንደያዘ በዓይኑ ተው አለው።